የአጭር ጊዜ የስብከተ ወንጌል ጉዞ ወደ ሰሜን ሸዋ ገጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ከግቢ ጉባኤያትና ከጽዋ ማኅበራት ተነሥተው ወደ መንዝ፣ ወደ ተጉለት፣ ወደ ቡልጋና ወደ መርሐቤቴ ገጠር አጥቢያዎች የሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች በየጊዜው የሚያነሡአቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹ ጉዞ በማስተባበር የቆየ ሰው አስተያየት ናቸው፤ የሀገረ ስብከት መመሪያ አይደሉም። የማይስማማ ካለ ይከራከር።

ለሁለት ቀን ሄደን ምን እንሠራለን? ገንዘቡን በባንክ መላክ አይሻልም?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ እውነት አለው። የአውቶቡስ ኪራይ፣ የድምፅ ማጉያና የጄኔሬተር ኪራይ፣ ባነር፣ የማኅበሩ ስም የታተመበት ቲሸርት፣ የመንገድ ምሳ፤ እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ደምሩና ከጎኑ አጥቢያው ለአብነት (ለባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) መምህሩ በዓመት የሚከፍለውን ጻፉ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ያሳፍራል። የጉዞው ፍሬ ሁሉ በሁለት ቀን ጉባኤ የሚያልቅ ከሆነ ገንዘቡን ላኩና ቤታችሁ ተቀመጡ። ይህን በመናገሬ የሚቀየሙኝ የጉዞ ኮሚቴዎች አሉ።

ባንክ የማይሠራው ሥራም አለ። መንዝ ውስጥ ወደ አንድ የአብነት ትምህርት ቤት የሄደ ማኅበር በካርቶን ሙሉ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ነበር። የኔታ ተቀበሉ፣ መረቁ። ልጆቹ ግን ንባቡንም ዜማውንም የሚይዙት በቃላቸው ስለሆነ ካርቶኑ ከጎጆው ጥግ ተቀመጠ። ሰዉ ወደ መኪናው መሳፈር ሲጀምር የኔታ አጠገባቸው ወደነበረችው እኅት ዘንበል ብለው፣ «ልጄ፣ ሳሙና ይገኝ ይሆን?» አሏት። ተማሪዎቹን እከክ ይዟቸው ነበር። አንዱ ልጅ ደበሎውን ገለጥ አድርጎ ሲያሳያት ክንዱ እስከ ብብቱ ድረስ ቆስሏል። ምንጩ ቁልቁለት ወርዶ የሚቀዳ በመሆኑ ውኃው ለመጠጥ ቢበቃ ነው፤ ለገላ አይተርፍም። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ የላከው ሳሙና፣ የእከክ ቅባትና የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ነበር። የኔታ ይህን ለማያውቁት ኮሚቴ በስልክ አይናገሩትም፤ በደብዳቤም አይጽፉትም። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ስላገኙ ተናገሩ።

ከጉዞው ብዙውን የሚያተርፈው ደግሞ ተጓዡ ነው፤ ይህን ማመን ነውር የለውም። ከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በለመነው ቁራሽ እየኖረ ድጓ (የቤተ ክርስቲያን ዜማ) የሚያጠና ልጅ በዓይኑ ሲያይ የሚሰማው ነገር በስብከት አይመጣም። ችግሩ ስሜቱ ቶሎ መብረዱ ነው። ወርኃዊ መዋጮ ለመክፈል ቃል የሚገባ ሁሉ በዚያው ሳምንት ከባንክ ሒሳቡ በቋሚ ትእዛዝ እንዲቆረጥ ካላደረገ ሁለት ወር አይዘልቅም።

በመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት አለው?

አለው፤ የእኛ አካሄድ ግን ከመሠረቱ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተላኩት አርድእት የሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ኮረጆና ከረጢት እንዳይዙ፣ ያቀረቡላቸውን እንዲበሉ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ ታዝዘዋል። የተላኩትም ጌታ ራሱ ሊመጣበት ወዳለው ስፍራ ነበር፤ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ አለ ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በተሰሎንቄ ምኵራብ የተከራከረው ሦስት ሰንበት ነው (ሐዋ. 17፥2)። ከእኛ ጉባኤ ብዙም አይረዝምም። ከዚያ በኋላ ግን ጢሞቴዎስን መልሶ ላከላቸው፤ ሁለት መልእክትም ጻፈላቸው። በቆሮንቶስ ደግሞ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ። «የሐዋርያትን ፈለግ ተከትለን» የሚል ባነር የሚያሳትም ማኅበር ይህኛውንም ክፍል ይከተል።

በሸዋ ታሪክስ እንዲህ ያለ ጉዞ ነበረ?

ከቡልጋ የተነሡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ብዙ አገር ዞረው አስተምረዋል፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን ደብረ አስቦ ላይ ተቀምጠው፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብና የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት አቡነ ፊልጶስ ሸዋንና አካባቢውን ለዐሥራ ሁለት መምህራን ሲያከፋፍሉ ለእያንዳንዱ የየራሱን አገር ለይተው ሰጡት። ዐሥራ ሁለቱ ንቡራነ እድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሥራቸው የተሰጣቸውን አገር ይዞ መቀመጥ ነበር።

ከውጭ የመጣውን ካነሣን፣ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ እስከ 1842 ሸዋ ቆይቷል። ንጉሡ የእጅ ሙያና መድኃኒት የሚያውቅ ፈረንጅ አይጠሉም ነበር፤ ለስብከቱ ግን ልባቸው አልተከፈተም። ክራፕፍም ለጉዳይ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሸዋ መግባት ተከለከለ። ሦስት ዓመት ያህል የተቀመጠ ሰው የደረሰበት ይህ ከሆነ የሁለት ቀን እንግዳ ትንሽ ትሕትና ቢያሳይ አይከፋም።

ከተሳልሞ ጉዞ በምን ይለያል?

በሚሄድበት ቦታ። ሰው ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄደው በረከት ለመቀበል ነው፤ ብዙ ሕዝብም ቀድሞት ይገኛል። የአገልግሎት ጉዞ ግን ማንም ወደማይደርስበት አጥቢያ መሆን አለበት። ወደ ጻድቃኔ የሚከንፈው አውቶቡስ መጋረጃቸው የተቀደደ፣ ለቅዳሴ ዘቢብ የቸገራቸውን አብያተ ክርስቲያናት በግራም በቀኝም እያለፈ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ለማጣመር የሚሞክሩ አሉ፤ ያን ጊዜ አገልግሎቱ የሻይ ዕረፍት ይሆናል።

ገጠሩ ከእኛ በፊት ክርስቲያን ነው፤ ምን ልንሰብክለት ነው?

ትክክል። ስለ ጾምና ስለ ሰንበት አከባበር የመንዝ ገበሬ ለከተማ ወጣት ያስተምር ይሆናል እንጂ ከእርሱ የሚማረው ጥቂት ነው። የጎደለው ሌላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያንም የኖረችበትን መሬት አጣች። ከዚያ ወዲህ የገጠር አጥቢያ የሚተዳደረው ምእመናን በሚያዋጡት ነው። ካህኑ እሑድ ቀድሶ ሰኞ በሬውን ይጠምዳል። ማስተማሪያ ጊዜ የለውም፤ ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ሰባኬ ወንጌል የሚቀጥርበት ገንዘብ የለውም። የአብነት መምህሩ ቀለብ ሲያጣ ወደ ከተማ ይሄዳል። እርሱ ሲሄድ ተማሪው ይበተናል፤ ተማሪው ሲበተን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዲቁና የሚበቃ ልጅ ይጠፋል። አንዳንድ አጥቢያ ቅዳሴ የሚቋረጠው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ስብከቱን አታግዝፉት። የዕለቱን ወንጌል በአማርኛ አንብቦ፣ ሕዝቡ ሳይደክመው በአጭሩ ማስረዳት ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ከጉባኤው አንድ ቀን ቀድማችሁ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ስለ ቀበሌው ችግር ጠይቁ። የድንበር ጠብ ይኖራል፤ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ሸኝተው ወሬ የራቃቸው እናቶች ይኖራሉ። ለእነዚህ የሚሆን ቃል ያዘጋጀ ሰባኪ ይሰማል። በከተማ በየዩቲዩቡ የሚያጨቃጭቀንን ክርክር ተሸክሞ ሰላድንጋይ ድረስ የሚሄድ ሰባኪ ግን ሕዝቡ በጨዋነት ያዳምጠዋል፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይገባውም ወደ ቤቱ ይገባል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። መጀመሪያ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጥሪ፣ ቀጥሎ የወረዳው ቤተ ክህነትና የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም ክልል ስላለ አጥቢያው የቱ ጋር እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ እወቁ፤ የአንዱ ጉዳይ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ያልቃል። በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ወዳለው ሰላሌ ስትሄዱ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር መምህርና የሚዘምር ዘማሪ ይዛችሁ ሂዱ። በአስተርጓሚ የሚደረግ ጉባኤ ለሕዝቡም ለሰባኪውም ያሰለቻል።

መቼ እንሂድ?

የከተማ ተማሪ ዕረፍት የሚያገኘው በክረምት ስለሆነ ሁሉም ሐምሌና ነሐሴን ይመርጣል። ገበሬው ግን ያን ጊዜ ከእርሻና ከአረም ጋር ተያይዟል፤ የጥቁር አፈሩ መንገድም መኪና ይውጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በደጋው በልግ የሚዘራበት አካባቢ የካቲትና መጋቢትም ሥራ አለ፤ ስለዚህ ለሚንጃር የተመቸ ጊዜ ለመንዝ ላይመች ይችላል። በብዙ ቦታ የሚሻለው ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ነው። እርሱም የሠርግ ወር ስለሆነ ቀኑን ስትቆርጡ ማን ልጁን እንደሚድር ጠይቁ፤ ሠርግ ባለበት ቀን የተጠራ ጉባኤ ላይ የሚገኙት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከዚያም ከፍ ትላለች። በጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጋቢ ያዙ።

ስንት ሰው ይሂድ? ምግብስ?

ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ከዚህ ሲያልፍ ጉዞው የአጥቢያው ሸክም ይሆናል።

የመንዝ ሰው እንግዳ በባዶ ሆዱ አያሳድርም። አርባ ሰው የጫነ አውቶቡስ ይመጣል ሲባል የአጥቢያው ሴቶች ከሳምንት በፊት ጠላ ይጠነስሳሉ፣ እህል ወደ ወፍጮ ያወርዳሉ፣ በየቀኑ በጀሪካን ውኃ ያመላልሳሉ። ለዘር ከተቀመጠው ገብስ ላይ የሚያነሣ አለ፤ ከጎረቤቱ ተበድሮ በግ የሚገዛ አለ። እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ዘምሮ ይመለስና «ሕዝቡ በፍቅር ተቀበለን» የሚል ሪፖርት ይጽፋል። ፍቅሩ እውነት ነው። ብድሩን ማን እንደከፈለው ግን ሪፖርቱ ላይ የለም።

አንበላም ብሎ እምቢ ማለትም አይቻልም፤ ንቀት ተደርጎ ይቆጠራል። የሚያዋጣው እንዲህ ነው፦ አንድ ማዕድ ብቻ ከአጥቢያው ጋር እንደምትበሉ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ የእህሉን ወጪ በሰበካ ጉባኤው በኩል በደረሰኝ ክፈሉ፣ ለቀረው ጊዜ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሰንቁ። «ሽሮ ይበቃናል» የሚለውን መልእክት ለሊቀ መንበሩ ብቻ አትንገሩት። እርሱ «እሺ፣ እሺ» ይልና በግ ያሳርዳል። ድግሱን ለሚያዘጋጁት ሴቶች ንገሩ፤ ልኩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ በራሱ ይቀላል።

ምን ይዘን እንሂድ?

የተጠየቃችሁትን። ካልተጠየቃችሁ ጠይቁ። ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ በአብዛኛው አይመለስም። ለደጋ ብርድ የማይሆን ስስ የከተማ ልብስ ሰብስቦ በጆንያ መጫን ግን ቁም ሣጥን ማጽዳት ነው።

ሐኪሞች አብረውን አሉ፤ ሕክምና እንስጥ?

ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። የደም ግፊት ያለባትን እናት ለክታ የአንድ ሳምንት ክኒን ሰጥቶ የሚሄድ ሐኪም ሲያልቅባት ምን እንደምታደርግ አልነገራትም። ይልቅስ ሐኪሞቹ መርምረው፣ በማስታወሻ ጽፈው፣ ታካሚውን ለጤና ጣቢያው ያስረክቡ። የጥርስና የዓይን ምርመራ፣ የቆዳ በሽታ ሕክምናና የንጽሕና ትምህርት ለአጭር ጉብኝት ይመቻሉ።

ጠበል ባለበት ቦታ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ከመካከላችሁ ማንም ሰው ሕመምተኛን «መድኃኒቱን ተወውና ተጠመቅ» እንዳይል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው የሚከተለውን መከራ የሚያየው ቤተሰቡ ነው፤ ያን ጊዜ ሰባኪው የለም። ጠበሉንም መድኃኒቱንም መጠቀም ይቻላል።

ሙስሊም ጎረቤቶች ባሉበት አካባቢ እንዴት እንሁን?

ከጣርማ በር ወደ ታች ወርዳችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አጣዬና ወደ ይፋት ቆላ ስትደርሱ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚውል፣ በለቅሶ የሚደራረስ ሕዝብ ነው። አካባቢው በቅርብ ዓመታት በግጭት ብዙ ሰው አጥቷል፤ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። የሌላውን እምነት የሚያንኳስስ አንድ ዓረፍተ ነገር በድምፅ ማጉያ ተናግሮ በማግስቱ አዲስ አበባ የሚገባ ሰባኪ ጠቡን ለአጥቢያው ካህን ትቶለት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለበትን ሰባኪ፣ ምንም ያህል ሕዝብ ቢወደው፣ ይዛችሁ አትሂዱ። ማጉያውም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይዙር፤ በሶላት ሰዓት ድምፁን መቀነስ ማንንም አይጎዳም።

ከውጭ አገር የሚመጡ የአጭር ጊዜ ቡድኖችስ ይጠቅማሉ?

በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ይህ ዓይነቱ ጉዞ ትልቅ ልማድ ስለሆነ ክርክሩም ከእኛ ቀድሞ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ብዙ የሰሜን አሜሪካ ቡድኖች እየሄዱ ቤት ሠርተዋል። ከርት ቨር ቢክ የተባለ ተመራማሪ ነገሩን ሲመረምር፣ ፈረንጆች በሠሩት ቤት በገቡና የአገሩ ሰዎች በሠሩት ቤት በገቡ ቤተሰቦች ሕይወት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ቡድኑን ለማጓጓዝ የወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ተጨማሪ ቤት ይሠራ ነበር። ተጓዦቹም ጉዞው ሕይወታችንን ለውጦታል ይሉ እንጂ የመስጠት ልማዳቸው የተናገሩትን ያህል አልተለወጠም።

ይህን አንብቦ በፈረንጅ መሳቅ ይቀላል። የእኛም ጉዞ በዚሁ ሚዛን ይመዘን፦ የአገሩ ግንበኛ የሚሠራውን አጥር ለመሥራት ከከተማ የባንክ ሠራተኛ አውቶቡስ ሙሉ መጫን ምን ያደርጋል? የባንክ ሠራተኛው ለሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም የገቢና የወጪ መዝገብ አያያዝ ቢያሳየው ግን አጥቢያው በቀላሉ የማያገኘውን ሥራ ይሠራለት ነበር።

ደብረ ብርሃን ያሉትን ተፈናቃዮች ብንጎበኝስ? ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

ጎብኙ፤ ግን ለስብከት አትሰብስቧቸው። ከወለጋና ከሌላም ስፍራ ተፈናቅለው ዓመታት በመጠለያ የቆዩ ሰዎች ብዙ ጎብኚ አይተዋል። ዱቄት ከመስጠት በፊት አሰልፎ ማዘመር ይቅር። ካህን ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሚፈልግ ሰው ቀርቦ ያነጋግረው፤ ንስሐ አባቱ የቀረበት ብዙ ሰው አለ።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ርዳታ ሲቀበል የሰውን ፊት አታንሡ። ለሪፖርት የሚያስፈልገው ደረሰኝና የተረከበው ኮሚቴ ፊርማ ነው። የቆሎ ተማሪዎችንም ቢሆን የኔታን ሳታስፈቅዱ አታንሡ። አንዳንዶቹ ከቤታቸው ሳይነግሩ የወጡ ልጆች ናቸው፤ ምስላቸው በፌስቡክ ሲዞር የሚፈጠረውን እናንተ አታውቁትም።

በዚህ ወቅት መንገዱ ያሰጋል፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ውሳኔውን አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚወስን ኮሚቴ አያምጣው፤ የወረዳውን ቤተ ክህነትና የአጥቢያውን አስተዳዳሪ በተነሣችሁበት ዕለት ጠዋት ሳይቀር ጠይቁ። «ኑ» ቢሏችሁም አትቸኩሉ። እንግዳን አትምጣ ማለት ስለሚከብዳቸው ጥያቄውን ለውጡት፦ «አባታችን፣ የእርስዎ ልጅ ቢሆን በዚህ መንገድ ይልኩታል?» በሉ። ዝም ካሉ መልሱን አግኝታችኋል።

ጉዞው ከተሰረዘ ለመኪና የተዋጣው ገንዘብ ማኅበሩ ካዝና ውስጥ አይቀመጥ። በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ በኩል ለአብነት መምህሩ ቀለብ ይግባ። ይህንንም ገንዘቡ ሲሰበሰብ አስቀድማችሁ ለአዋጪዎቹ ንገሩ፤ ኋላ «ለጉዞ ነበር የሰጠሁት» የሚል አይጠፋም።